ልጆቿን የረሳች እናት ምን ይዛ ሄደች?

ሰው ስሙን፣ ትዳሩንና ልጆቹን ረስቶ ሲሞት ነፍሱ ወደ ፈጣሪዋ የምትሄደው ምን ይዛ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖራል፤ ከእነዚህም የሚበዙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው። በእኛም አገር «ጃጅተዋል» እየተባሉ ከጓዳ የማይወጡ እናትና አባት ያሉበት ቤት ጥቂት አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሲያርፉ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ቤተሰቡ ተዝካር ያወጣል። በጸሎቱ የሚታሰበው ግን የትኛው ሰው ነው? በጉልበቱ ዘመን የምናውቀው ወይስ መጨረሻ ላይ እኛን የማያውቀን?

ከዚህ በታች ያለው ምልልስ የሁለት ሰዎች ነው። አንደኛዋ አዲስ አበባ ውስጥ የምትሠራ የነርቭ ሐኪም ናት። ሌላው በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯት፣ ዳዊት ያስደገሟት የኔታ ናቸው። የተገናኙት እሷ ለዓመታት ስታክማቸው በነበሩ አንዲት እናት ሙት ዓመት ላይ ነው። ቅዳሴው አልቆ፣ ጠበል ጸዲቁ ተቀምሶ፣ እንግዳው መለስ መለስ ሲል ከድንኳኑ ጥግ ቁጭ አሉ።

ሐኪሟ፦ የኔታ፣ ዛሬ ሲቀደስ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የእኚህ እናት ሕመም ሲጀምር ቀጠሮ ነበር የሚረሱት። ቀጥሎ ወጥ ጥደው መርሳት መጣ፤ ቀጥሎ የልጆቻቸው ስም ጠፋ። መጨረሻ ላይ መስተዋት ውስጥ የሚያዩትን ፊት እንግዳ የመጣ መስሏቸው «ይግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ» ይሉት ነበር። ታዲያ የሄደችው ነፍስ የትኛዋ ናት? ልጆች ያሳደገችው ወይስ መስተዋት ያነጋገረችው?

የኔታ፦ አንዲት ነፍስ ናት፣ ልጄ። ሁለት አልነበሯቸውም።

ሐኪሟ፦ እኔ የምጠይቀው አንድ የሚያደርጋት ምን እንደሆነ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1694 በወጣው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ላይ ስለ ማንነት አንድ ምዕራፍ ጨመረ። እንደ እሱ አስተሳሰብ ሰው ትናንት ከሠራው ጋር አንድ የሚሆነው ያን ሥራ የራሱ መሆኑን በሕሊናው ሲያውቅ ነው። ሎክ ክርስቲያን ነበረና የፍርድን ቀን እያሰበ ነው የጻፈው። አንድ ሰው የራሴ ነው ብሎ በማያውቀው ሥራ እንዴት ይጠየቃል ነው ነገሩ።

የኔታ፦ መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም?

ሐኪሟ፦ ነበረ። ስኮትላንዳዊው ቶማስ ሪድ እ.ኤ.አ. በ1785 አንድ ምሳሌ አመጣ። አንድ ልጅ ከሰው አትክልት ፍሬ ሰርቆ ተገረፈ። አድጎ መኮንን ሆነና በጦርነት የጠላትን ሰንደቅ ማረከ። ሲያረጅ ጄኔራል ሆነ። መኮንኑ ግርፋቱን ያስታውሳል። ጄኔራሉ ሰንደቅ መማረኩን ያስታውሳል፤ መገረፉን ግን ረስቶታል። በሎክ ሒሳብ ከሄድን ጄኔራሉ ያው መኮንኑ ነው፣ መኮንኑም ያው ልጁ ነው፤ ጄኔራሉ ግን ልጁ አይደለም። ይህ ደግሞ እርስ በርሱ ይጣረሳል።

የኔታ፦ ሪድ ያለው ልክ ነው። ሰው ማለት ትዝታው ቢሆን ኖሮ ሕፃናት ሳለን ማናችንም ሰው አልነበርንም ማለት ነው። በአርባ ቀን ወደ ጥምቀት የሚመጣው ወንድ ልጅ፣ በሰማንያ ቀን የምትመጣው ሴት ልጅ ምን ያስታውሳሉ? ቤተ ክርስቲያን ግን ስም አውጥታላቸው ታጠምቃቸዋለች፤ በዚያው ቀን ታቆርባቸዋለች። ገና ምንም ያላስታወሰን ልጅ ሙሉ ሰው ብለን ከተቀበልን፣ ሁሉን የረሱትን እናት በምን አንደበት ጎዶሎ እንላቸዋለን?

ሐኪሟ፦ እሺ፣ ከፈላስፎቹ ወጥቼ ወደ ሕመምተኛ ልምጣ። ሄንሪ ሞሌይሰን የሚባል አሜሪካዊ ከባድ የሚጥል በሽታ ነበረበት። መድኃኒት አልመልስለት ሲል እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ዊልያም ስኮቪል የተባለ ቀዶ ሐኪም ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስ ከሚባለው ክፍል ከነአካባቢው ቆርጦ አወጣለት። ሕመሙ ቀለል አለለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አዲስ ነገር በልቡ መያዝ አልቻለም። ምሳ በልቶ መብላቱን ይረሳል። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ተመላልሳበታለች፤ እሱ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ሰው ነበር የሚቀበላት። እንዲህ ሆኖ 55 ዓመት ኖረና እ.ኤ.አ. በ2008 አረፈ።

የኔታ፦ ጠባዩስ? እሱም አብሮ ወጣ?

ሐኪሟ፦ አልወጣም። ታጋሽና ሰው አክባሪ፣ ሊያጠኑት የሚመጡትን ሁሉ በደስታ የሚያስተናግድ ሰው ነበረ። ሚልነር የሠራችውን አንድ ፈተና ልንገርዎት። በድርብ መስመር የተሳለ ኮከብ አስቀመጠችለት። እጁንና ወረቀቱን በቀጥታ እንዳያይ ጋርዳ፣ በመስተዋት ብቻ እያየ በሁለቱ መስመሮች መካከል በእርሳስ እንዲያሰምር ነገረችው። በመስተዋት ሲታይ አቅጣጫው ስለሚገለበጥ መጀመሪያ ላይ እርሳሱ ከመስመር እየወጣ አስቸገረው። ለሦስት ቀናት ደጋገመው። በሦስተኛው ቀን እጁ ሳይስት ይዞር ጀመር። እሱ ግን ያን ሥራ ከዚያ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ አላስታወሰም።

የኔታ፦ እሱ ረሳ፤ እጁ አልረሳም።

ሐኪሟ፦ በትክክል። ትዝታ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ በዚህ አወቅን። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሂፖካምፐሳቸው ለተጎዳ አምስት ሰዎች የሚያሳዝን ፊልም አሳዩ። ሰዎቹ ያዩትን ብዙም ሳይቆዩ ረሱት። ሐዘኑ ግን አብሯቸው ቆየ። ለምን እንዳዘኑ ሳያውቁ አዘኑ።

የኔታ፦ እኔም ያየሁትን ልንገርሽ። አንድ አረጋዊ መሪጌታ ነበሩ። የባለቤታቸውን ስም ረስተዋል፤ ከቤት ከወጡ መመለሻው ይጠፋቸዋል። በበዓል ሌሊት ደግፈን ማሕሌት ስናስገባቸው ግን መቋሚያውን ይጨብጡና ወረቡ ሲነሳ እኩል ይነሳሉ። አንዲት ቃል አትዘልላቸውም። ሲያበቃ «ዛሬ ምንድን ነው በዓሉ?» ብለው ይጠይቁናል።

ሐኪሟ፦ አምንዎታለሁ፤ እንዲህ ያሉ ብዙ ሕመምተኞች አይቻለሁ። በድግግሞሽ የተቀረጸ ነገር የሚያርፈው በሌላ የአንጎል ክፍል ነውና በሽታው ዘግይቶ ነው የሚደርስበት። ግን እሱም አንጎል ነው፣ የኔታ። በሽታው ሲገፋ ወደዚያም ይደርሳል። ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ትዝታ ሁሉ በሥጋ ውስጥ ከሆነ፣ ከሥጋ የተለየች ነፍስ በምን ታስታውሳለች?

የኔታ ወዲያው አልመለሱም። ከመለሱም በኋላ ጥያቄዋን ለማቃለል አልሞከሩም።

የኔታ፦ አባቶች ነፍስን ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ይላሉ። ማሰቧም መናገሯም ሕያው መሆኗም የባሕርይዋ ነው። በሥጋ ሳለች ግን የምታስበውም የምትናገረውም ሥጋን መሣሪያ አድርጋ ነው። በገናው ሲሰበር ደርዳሪው አልሞተም፤ ድምፁ ግን አይሰማም። የእኚህ እናት ሕመም የሰበረው በገናውን ነው።

ሐኪሟ፦ ደርዳሪው ያለ በገና ምን ያሰማል?

የኔታ፦ ጥያቄሽን መጽሐፍም ጠይቆታል። ዳዊት ደግመሻል። መዝሙር 6 በሞት ውስጥ እግዚአብሔርን የሚያስበው ማን አለ ብሎ ይለምናል። መዝሙር 87 መቃብርን የመረሳት አገር ያደርገዋል። እነዚህን እየደገምን ነው የኖርነው፤ ሞት ቀላል ነው ብሎ ያስተማረን አባት የለም። ነፍስ ከሥጋ መለየቷ ጉድለት ነው። ስለዚህ ጸሎተ ሃይማኖት ነፍስ አትሞትም ብሎ አላቆመም፤ የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ በማድረግ ነው የሚያበቃው። ደርዳሪው በገናውን መልሶ ይይዛል።

ሐኪሟ፦ እስከዚያ ድረስስ?

የኔታ፦ እስከዚያ ነፍስ በገነት ወይም በሲኦል ሆና ትጠብቃለች። ሉቃስ ምዕራፍ 16ን አስቢ። ባለጸጋው ነዌ በሥቃይ ሆኖ ሲጮህ አብርሃም በምድር ሳለ የተቀበለውን እንዲያስታውስ ነገረው። ነዌም አስታወሰ። በአባቱ ቤት ያሉትን አምስት ወንድሞቹን አሰበና ድሀው አልዓዛር ሄዶ እንዲያስጠነቅቃቸው ለመነ። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ በቆየን በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 22 ላይም ሄኖክ የሙታን ነፍሳት የሚቆዩባቸውን ስፍራዎች አየ። ከመካከላቸው ቃየልን የምትከስ የአቤልን ነፍስ ሰማ። አቤል ደሙ ከፈሰሰ ስንት ዘመን ሆነው? በደሉን ግን አልረሳም።

ሐኪሟ፦ የነዌ ነገር ምሳሌ ነው የሚሉ አሉ።

የኔታ፦ ምሳሌ ነው የሚሉም ታሪክ ነው የሚሉም አሉ። በየትኛውም ብትሄጂ ጌታ ስለ ሞት ሲያስተምር የረሳ ሰው አላሳየንም፤ የሚያስታውስ ሰው ነው ያሳየን። ደግሞ ልብ በይ፤ ነዌ በመጨረሻ ያሰበው ወንድሞቹን እንጂ ሐምራዊ ልብሱን አይደለም።

ሁለቱ የገቡበት ክርክር በክርስትና ውስጥ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ379 ግድም የኑሲሱ ጎርጎርዮስ የወንድሙ የባስልዮስ ሞት ሐዘን ሳይወጣለት እህቱን ማክሪናን ሊጠይቅ ሄደ። እሷም በሞት አፋፍ ላይ ነበረች። ጎርጎርዮስ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ የጻፈው መጽሐፍ በዚያ አልጋ አጠገብ የተደረገ ምልልስ ሆኖ የቀረበ ነው። ጠያቂው እሱ ነው፤ አስተማሪዋ እሷ ናት። ጎርጎርዮስ የማያምን ሰው ሊያነሳ የሚችለውን ሙግት ሁሉ እየወከለ ይጠይቃል። ሥጋ ፈርሶ ወደ ምድር፣ ወደ ውኃና ወደ አየር ከተበተነ በኋላ ነፍስ የራሷን እንዴት ለይታ ታገኛለች? ማክሪና ስትመልስ ነፍስ በሥጋ ሳለች የተዋሐደቻቸውን ነገሮች ከተበተኑም በኋላ ታውቃቸዋለች፣ ከእነሱም አትርቅም ትላለች። እንደ ማክሪና አነጋገር ነፍስ ሥጋዋን የምታስታውስ ናት። በጣር ላይ ያለች ሴት ይህን ስታስተምር መታየቷ ለመጽሐፉ ልዩ ክብደት ይሰጠዋል።

ሐኪሟ፦ እንግዲህ በሥጋ ትንሣኤ የምናምን ከሆነ እኔ በምርመራ የማየው አንጎል ለእምነቱ ባዕድ አይደለም ማለት ነው።

የኔታ፦ እንዴት ባዕድ ይሆናል? የተነሣውን ጌታ ተመልከቺ። ለቶማስ ያሳየው የችንካሩንና የጦሩን ምልክት ነው። ሞትን ድል ያደረገ ሥጋ ቁስሉን አላጠፋውም። የደረሰበትን ሁሉ ይዞ ተነሣ። መግደላዊት ማርያምም አትክልተኛ መስሏት ነበር፤ ያወቀችው በስሟ ሲጠራት ነው። ወደ ኤማሁስ የሚሄዱት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ደግሞ መንገዱን ሁሉ አብሯቸው ሲሄድ፣ መጻሕፍትን ሲተረጉምላቸው አላወቁትም። ማዕድ ቀርቦ እንጀራውን ባርኮ ሲቆርስ ግን ዓይናቸው ተከፈተ።

ሐኪሟ፦ ከአቆራረሱ አወቁት። እጁ ሰውየውን ይዞት ነበር።

የኔታ፦ እንዲያ ነው። አንቺ ስለ ሞሌይሰን ስትነግሪኝ ወደ ልቤ የመጣው ይኸው ነበር። ሰው በሚያወራው ብቻ አይታወቅም። ስሙ ሲጠራ ቀና ሲል፣ እንጀራ ሲቆርስ፣ ሲያማትብ ይታወቃል። እኚህ እናት የልጃቸው ስም ከጠፋቸው በኋላ ቡና ሲፈላ አላማተቡም?

ሐኪሟ፦ አማትበዋል። ሰው ሲገባም ከመቀመጫቸው ይነሱ ነበር። ማን እንደመጣ አያውቁም፤ መነሳት እንዳለባቸው ግን ያውቃሉ።

ከድንኳኑ ውስጥ ወንበር የሚሰበስቡ ልጆች ሁለቱን ትንሽ ራቅ አደረጓቸው። ሐኪሟ በዚያው ጥያቄዋን ገለበጠችው። እስካሁን የጠየቀችው ትዝታ ከጠፋ ነፍስ ምን ይሆናል ብላ ነበር፤ አሁን ደግሞ ትዝታ ከቀረስ አለች።

ሐኪሟ፦ አንዲት እናት በገነት ሆና ልጇ እንደጠፋ ብታስታውስ ደስታዋ ምን ደስታ ይሆናል? ካላስታወሰችው ደግሞ እናት አልሆነችም።

የኔታ፦ ኢሳይያስ በምዕራፍ 65 ስለ አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር ሲናገር የቀደመው ነገር እንደማይታሰብ ይናገራል። የተነሣው የጌታ ሥጋ ግን ቁስሉን እንደያዘ ነው። ስለዚህ እንደማይታሰብ የተነገረው ታሪኩ ተደምስሶ ነው ብዬ አላስተምርም።

ሐኪሟ፦ አውግስጢኖስም ተመሳሳይ ሐሳብ አለው። «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ክፉን ነገር ማወቅ ሁለት ዓይነት ነው ይላል። ሐኪም በሽታዎችን በትምህርቱ ያውቃቸዋል፤ ሕመምተኛው ደግሞ ታሞ ያውቃቸዋል። ቅዱሳን ያለፈባቸውን መከራ እንደ ሐኪሙ በዕውቀት ይይዙታል እንጂ እንደ ሕመምተኛው አይሰማቸውም ማለቱ ነው። ለሙያዬ የተጻፈ ይመስለኛል።

የኔታ፦ አጠገበሽ?

ሐኪሟ፦ ግማሽ መንገድ ወሰደኝ። የራሴን ያለፈ በሽታ በዕውቀት ብቻ ልይዘው እችላለሁ። የልጄን በሽታ ግን ሐኪም ሆኜ ልመለከተው አልችልም።

የኔታ፦ እዚያ ላይ የሰው መልስ አይበቃም፤ እኔም የሚበቃ ነው ብዬ አላታልልሽም። በዮሐንስ ራእይ እንባን ሁሉ የሚያብሰው እግዚአብሔር ራሱ እንደሆነ ተጽፏል። የሚታበሰው እንባ ደግሞ ያለቀሰ ሰው እንባ ነው።

ነገሩ ወደ ተዝካር የመጣው በዚህ መሐል ነው። ድንኳኑ፣ ጠላው፣ ወጡ ብዙ ገንዘብ እንደፈጀ ሐኪሟ ታውቃለች። ቤተሰቡ ለሕክምና ያወጣውን ሳይተካ ለሙት ዓመቱ መበደሩም አሳዝኗታል።

ሐኪሟ፦ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ዓመቱ፤ ሁሉም ላይ ድግስ። ይህ ለማን ነው?

የኔታ፦ ጸሎቱና ድግሱ አንድ አይደሉም። ቤተ ክርስቲያን የምትለው ጸልዩ፣ አስቀድሱ፣ ለድሀ ስጡ ነው። ተበድራችሁ ደግሱ አላለችም። ጎረቤት እንዳያማ ተብሎ የሚወጣ ድግስ የሞተውን አይጠቅመውም፤ ያለውንም ያደኸያል። ቀኑን ጠብቆ በቅዳሴ ስሙን ማስጠራትና ለአንድ የተራበ ሰው ማብላት ይበቃል።

ሐኪሟ፦ የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካም እንዲሁ ነበረች። ወደ አፍሪካ ለመመለስ መርከብ ሲጠብቁ እ.ኤ.አ. በ387 ሮም አጠገብ ባለችው የኦስቲያ ወደብ ታመመች። ቀድሞ በአገሯ ከባሏ ጎን ለመቀበር ቦታ አዘጋጅታ ነበር። በመጨረሻ ግን ሥጋዬን የትም ቅበሩት፣ እሱ አያስጨንቃችሁ፤ የትም ብትሆኑ ብቻ በጌታ መሠዊያ ፊት አስቡኝ ብላ ልጆቿን ለመነች። ከአገርሽ ርቀሽ መቀበር አያስፈራሽም ወይ ሲሏትም ከእግዚአብሔር የሚርቅ ቦታ የለም፣ በመጨረሻው ቀን ከየት እንደሚያነሣኝ አይጠፋውም ብላ መለሰች።

የኔታ፦ ይህች ሴት ተዝካርን ታውቀዋለች።

ሐኪሟ፦ አብረውኝ የሚሠሩ ፕሮቴስታንቶች ግን ለሙታን መጸለይን አይቀበሉም። ውሳኔው በሕይወት ሳለን ነው ይላሉ።

የኔታ፦ ልዩነቱ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ አልሸፍነውም።

ሐኪሟ፦ እነሱም መካከል ልዩነት አለ። ነፍስ እስከ ትንሣኤ ድረስ ትተኛለች የሚለውን ትምህርት ከፕሮቴስታንት መሪዎች አንዱ የነበረው ካልቪን ገና በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1534 በጻፈው መጽሐፍ ተቃውሞታል። አድቬንቲስቶች ደግሞ ዛሬም ሙታን እስከ ትንሣኤ ምንም አያውቁም ብለው ያስተምራሉ።

የኔታ፦ ሁሉም ግን የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ። ሙታን ያስታውሱም አያስታውሱም፣ እግዚአብሔር ያስታውሳቸዋል። የእኔም መልስ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ግንቦት 1929 ዓ.ም. ደብረ ሊባኖስ ላይ የሆነውን ታውቂያለሽ። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ነው፤ ገዳሙ በመነኮሳትና በምእመናን ተሞልቶ ነበር። የኢጣሊያው እንደራሴ የግራዚያኒ ወታደሮች ከብበው ያዟቸውና በማግሥቱ ላጋ ወልዴ ወስደው ረሸኗቸው። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን አሳወቀ። ቀጥሎ ዲያቆናቱም ተገደሉ።

ሐኪሟ፦ ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምፕቤል ባደረገው ጥናት ቁጥሩ ከዚያ እጅግ የበለጠ ነው።

የኔታ፦ የበለጠ ነው። ከመካከላቸው ለበዓሉ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ቤተሰቡ የት እንደቀረ ሳያውቅ የኖረ ስንት አለ? በላጋ ወልዴ ፍትሐት ያደረሰላቸው አልነበረም። ሥጋቸው የትም ቀረ፤ የብዙዎቹን ስም የሚያውቅ ሰው ዛሬ በምድር ላይ የለም። ሰውን ሰው የሚያደርገው ትዝታ ከሆነ፣ የራሱም የዘመዱም ትዝታ የጠፋበት ያ ሰማዕት ጨርሶ ጠፍቷል ማለት ነው። እኔ ይህን አላምንም። ኢሳይያስ በምዕራፍ 49 እናት የምታጠባውን ልጅ ብትረሳ እንኳ እግዚአብሔር እንደማይረሳ ተናግሯል። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴም ከጌታ ሌላ ነገር አልለመነም፤ በመንግሥትህ ስትመጣ አስበኝ ነው ያለው። የራሱ ጥሩ ትዝታ አልነበረውም፤ የሚያስበው ካገኘ ግን በቂው ነበር። በስቅለት ዕለት ያንን ልመና እየተቀባበልን የምናዜመው ለዚህ ነው።

ሐኪሟ፦ ስለዚህ እኚህ እናት ስማቸውን ረስተው ቢሄዱም...

የኔታ፦ ስማቸውን የሚያውቅ ጋ ነው የሄዱት። ምን ይዘው ሄዱ ላልሽኝ መልሴ ይኸው ነው። እሳቸው የያዙት ቢጠፋ እሳቸውን የያዘ አለ።

ሐኪሟ ይህን በሙያዋ ልታረጋግጠው እንደማትችል አልሸሸገችም። ነገር ግን ከንግግሩ ለሥራዋ የሚሆን ነገር አወጣች። ሰውን የሚይዘው የራሱ ትዝታ ብቻ ካልሆነ የረሳው ሰው ከጓዳ ሊቀር አይገባውም፤ ማስታወስ የሌሎቹ ሥራ ይሆናል። ሁለቱም በዚህ ተስማሙና ከቤተሰብ ምን ይጠበቃል ወደሚለው ተሻገሩ።

ሐኪሟ፦ ቤተሰቡ ከሚሠራው ስሕተት ትልቁ ፈተና ነው። ልጅ ይገባና «እማዬ፣ እስቲ እኔ ማነኝ?» ይላል። እሳቸው መልሱ ይጠፋባቸዋል፤ ያፍራሉ። ለምን እንዳፈሩ ወዲያው ይረሱታል፤ ሐፍረቱ ግን ይቆያል። «እማዬ፣ እኔ እገሌ ነኝ፣ ልጅሽ ነኝ» ብሎ መግባት ምን ይከብዳል?

የኔታ፦ እኔን የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሌላ ነው። ፍትሐት ላይ ካህኑ የክርስትና ስማቸው ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ወለተ ማርያም ይመስለኛል ይላል፣ ሌላው ወለተ ሚካኤል ይላል። እናታቸው ሳይረሱ ቢጠይቋቸው ኖሮ በአንድ ቃል ይነግሯቸው ነበር።

ሐኪሟ፦ ቁርባንስ? ብዙ ሰው አያውቁትምና አይቆርቡም ይላል።

የኔታ፦ ሕፃኑ ምን አውቆ ይቆርባል? የንስሐ አባታቸው ይጠሩ፣ ይዩዋቸው፣ እሳቸው ይወስኑ። ቤተሰቡ በራሱ ፈርዶ አይከልክላቸው።

ሐኪሟ፦ በሽታው ሲገፋ መዋጥ ያስቸግራቸዋል። ስለዚህ ለንስሐ አባታቸው ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ሳይዘገይ ቢደረግ ይሻላል።

የኔታ፦ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጦ በልጅነታቸው የለመዱትን ውዳሴ ማርያም የሚደግምላቸው ሰው አይጥፋ። አንቺው ነሽ ያልሽኝ፤ የተደጋገመ ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው።

ምልልሱ እዚህ ላይ አበቃ። ይህን የምታነቡ ሁሉ እናትና አባታችሁ ቃላቸው ሳይጠፋ የክርስትና ስማቸውን፣ የንስሐ አባታቸውን ስምና የተጠመቁበትን ደብር ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ ጻፉ። መርሳት ከጀመሩም አትደብቋቸው። ሕክምና ውሰዷቸው፤ ደጀ ሰላም አድርሷቸው። ስትገቡ ስማችሁን ተናገሩ፤ እጃቸውን ይዛችሁ የሚያውቁትን ጸሎት አብራችሁ ድገሙ። ለሙት ዓመት ድግስ ልትበደሩ ካሰባችሁት ገንዘብ ጥቂቱን፣ ካሰባችሁትም ቀን ጥቂቱን፣ አሁን በሕይወት ሳሉ ስጧቸው።